ያለ ሦስት ምስክር ዲስክ አይነካም

በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። አትሳቁ። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከረባት ያሰሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ። እኔ ከረባት የለኝም። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል በር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከመገናኛ እስከ ካራ ግራና ቀኝ ካለው ኮምፒውተር ግማሹን ፎርማት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ግማሹ ከበዛባችሁ ሲሶውን ውሰዱ።

ስሜ ቢኒያም ነው፤ ግን ሲግናል ሰፈር መጥታችሁ ቢኒያም ብትሉ የሚያውቅ የለም። ቢኒ ፎርማት ካላችሁ ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ያደርሳችሁ ነበር። ነበር ያልኩት ሱቁ አሁን ስለሌለ ነው። ዛሬ ካራ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ጓንት አድርጌ ባትሪ እፈታለሁ። ሰው ሁሉ «ያን የመሰለ ሙያ ለምን ተውከው?» ይለኛል። «ዲስኮቹ ዝም አሉ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ የለመዱት ቀልዴ ይመስላቸዋል። ቀልድስ አይደለም። ይሄንን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

የመጀመሪያ አለቃዬ ሞላ ይባላል። ካራ ጌም ቤት ነበረው፤ ጎን ለጎን ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ከተባለ። የሞላ መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ? ፎርማት። አንዴ አንድ ሰውዬ ኪቦርዱ ላይ ሻይ ደፍቶ መጣ። ሞላ ፎርማት አደረገለት። ሻዩ ግን አልጠፋም። ደመወዜ ምሳና የታክሲ ነበር፣ እሱን እንለፈው። እዚያ ቤት እጄ ተማረ እንጂ እኔ አልተማርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ዊንዶው እጭናለሁ፤ የምጭነው ግን ምን ላይ እንደሆነ፣ ከሥሩ ምን እንደነበረ፣ የማን እንደነበረ ጠይቄ አላውቅም። በመጨረሻ ሰፈሩ ውስጥ ፎቶ የጠፋበት ሰው ሲበዛ ሞላ ራሱን ፎርማት አደረገና ጠፋ።

ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ አለቃዬ እትዬ ውድነሽ ናቸው። ድሮ ታይፒስት ነበሩ። ከዚያ የቤት ሽያጭ ውል፣ የኪራይ ውል፣ የስጦታ ውል የሚጽፉ ሆኑ። ታይፑ ሲቀር ኮምፒውተር ገዙና ሲግናል ላይ «የኮምፒውተር ጽሑፍና ጥገና» የሚል ሱቅ ከፈቱ። ሞኒተሩ ላይ ዳንቴል ያለብሱለታል፣ እንደ ቤታቸው ቴሌቪዥን። አንድ የሚገርም ልማድ አላቸው፤ ጣቶቻቸው አያርፉም። ሰው ሲያወራ የሰሙትን ሁሉ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይጽፉታል። ደንበኛ «እንደምን ዋሉ» ሲል ጠ-ጠ-ጠ-ጠ፤ «ይሄ ነገር ተበላሸብኝ» ሲል ጠ-ጠ-ጠ። ራሳቸው አያውቁትም። እኔ ጠረጴዛው ላይ የኮምፒውተሩን ሳጥን ሳስቀምጥ የሚጽፉት በኪቦርድ መስሎኝ ስንቴ ዘወር ብያለሁ።

ሥራ ልጠይቅ የገባሁ ዕለት «ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ፎርማት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

ሳቁ። «እሺ፤ ፎርማት ምን ማለት ነው?»

«ማጥፋት ነዋ። ሰሌዳን በዳስተር እንደማጥፋት።»

ተነሱና ከበር አወጡኝ። ትይዩ ያለው የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የቤት ቁጥር የተጻፈባት ዝገታም ታፔላ አለች።

«ያችን ታፔላ ብነቅላት ቤቱ ይፈርሳል?»

«አይፈርስም።»

«አዲስ ሰው መጥቶ ቤቱን ያገኘዋል?»

«በምን ያገኘዋል?»

«በቃ፣ ፎርማት ይሄ ነው። ቤቱ አለ። ሰዎቹም ውስጥ ናቸው። የተነቀለችው ታፔላዋ ናት። ቤቱ የሚፈርሰው ቦታው ላይ ሌላ ሲሠራበት ነው።»

እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ታክሲ ተራ ቆሜ ተራዬ አለፈኝ። ሞላ ቤት አጠፋሁት ያልኩት ሁሉ፣ ያ ሁሉ የሠርግ ፎቶ፣ ያ ሁሉ የተማሪ ጽሑፍ፣ አልጠፋም ነበር። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪያንኳኳ ይጠብቅ ነበር። ከመዳፍ የማትበልጥ ብረት ውስጥ አንድ ሰፈር ሙሉ። እስከዛሬ ይገርመኛል። አንዴ የሞተ ዲስክ ፈታን፤ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ሳህን አለ። እትዬ ውድነሽ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ፀጉራችንን ልናይበት። እኔ ፀጉሬን ሳይ ሌላ ነገር አስባለሁ፤ እዚህ ላይ የማን ሕይወት ተጽፎ ነበር?

የዲስክ አከፋፈልንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዲስክ ለሁለት ሳይከፈል አይሰጥም፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ ጓዳ። ሳሎኑ ላይ ዊንዶው ይቀመጣል። ሳሎን እንግዳ የሚገባበት ነው፤ ይቆሽሻል፣ ቫይረስ ይገባዋል፣ አንድ ቀን መጥረግ አይቀርም። የሚወዱት ነገር ጓዳ ነው የሚገባው። «ሳሎንህን ሺህ ጊዜ ጥረግ፣ ጓዳህን አትንካ» ይላሉ። ጓዳውን ስንት እንደምናደርግ ለመወሰን ደንበኛውን ስለ ኑሮው ይጠይቁታል። ልጅ አለህ? ፎቶ ታነሳለህ? ሙዚቃ ትወዳለህ? ሐኪም እንኳን እንደዚያ አይጠይቅም።

ከሁሉ በላይ ግን ምስክር። ውል ጸሐፊ ነበሩ አላልኳችሁም? «ሰው አንድ ክፍል ቤት ሲሸጥ ሦስት ምስክር ይፈርምበታል። አንተ የሰው ዕድሜ ስትደመስስ ብቻህን ነህ?» ይሉኛል። ስለዚህ ያለ ሦስት ምስክር ዲስክ አይነካም። አንደኛው ምስክር ስም ነው፤ እያንዳንዱ ዲስክ ስም ይወጣለታል፣ በአማርኛ፣ በባለቤቱ ፍላጎት። ሁለተኛው መጠኑ። ሦስተኛው ባለቤቱ ራሱ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዓይኑ አይቶ «ይሄ ነው» ማለት አለበት። «ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ የሚሄድ ደንበኛ ነገ ሲመጣ እንዳመጣው ያገኘዋል። ይበሳጫል። እሳቸው «ቀብር ያለ ዘመድ አይሆንም» ይሉታል። ወንበር ይስባል።

ቤት ለቤትም እንሠራ ነበር። አንድ ጊዜ እንጦጦ ላይ አንድ ቄስ ቤት ተላክሁ። ታክሲው ካቆመበት በእግሬ ባሕር ዛፉን ሰንጥቄ ወጣሁ፤ ሳንባዬ አፌ ጋ ደርሷል። ቄሱ ምስክርነታቸውን ሰጡ፣ ሳሎንና ጓዳ ለየሁ፣ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሳ። «ጨርሰሃል ልጄ?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«እንግዲያስ ጸበል ልርጭበት።»

ጃኬቴን አውልቄ ኮምፒውተሩ ላይ ተኛሁበት። «አባ፣ ለሱ አይስማማውም። እኔ ላይ ይርጩት፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ረጩኝ። የእንጦጦ ጸበል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የቀመሰው ያውቀዋል። ግን ኮምፒውተሩ እስካሁን ይሠራል፤ እኔም እስካሁን እሠራለሁ። ሲወርዱ አንድ ገላጣ ቦታ አለ። እየተንቀጠቀጥኩ እዚያ ቆምኩና ከተማውን አየሁት። ሕንጻው፣ ቆርቆሮው፣ መንገዱ እየተሰነጠቀ፣ አንዱ ሳሎን ሌላው ጓዳ። ሲፈርስና ሲሠራ ሁሉ ይታያል። ከዚያ ላይ ሆኜ ሲግናልን ፈለግኳት። ጓዳ ውስጥ ነች።

ወደ ዋናው ልግባ።

ከሱቃችን በታች ባለችው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምትደርስ ትዕግሥት የምትባል ልጅ ነበረች፤ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ ትላለች። ዓይኗ አያይም። በትሯን እየነካካች ብቻዋን ትመጣለች። አደራረሷ ለየት ያለ ነው። አትጽፍም፤ መቅረጫዋን ትከፍትና ትዘምራለች። ዲስክ ላይ ታስቀምጥና ትረሳዋለች። ሆን ብላ። «ካልረሳሁት ቦታ አይለቅም፣ ሌላው አይመጣልኝም» ትላለች። መዘምራኑ ከዲስኳ እየሰሙ ያጠናሉ። ሁሉን ገና አላጠኑትም። እንግዲህ አስቡት፤ የዚህች ሰው ደብተሯም፣ ትዝታዋም፣ ሥራዋም ያ አንድ ዲስክ ነው። እና ዲስኩ ታመመ። ማጉረምረም ጀመረ። መዘምራኑ ተሰብስበው ልክ እሱኑ የመሰለ አዲስ ገዙላት፤ ዕቃው ያው፣ መጠኑ ያው። እኛ አዲሱን ለሁለት ከፍለን፣ ፎርማት አድርገን፣ መዝሙሮቹን ከአሮጌው ልናሻግር።

ወንበር ሰጠኋት። እትዬ ውድነሽ አዲሱን ሰክተው «ማን እንበለው?» አሏት።

«ታናሽ።»

ታናሽ ብለው ጻፉለት። ቀጥለው አሮጌውን ሰኩ፤ እሱ ድሮውኑ ስሙ ትዕግሥት ነው። ዲስክ የሚከፋፍለውን ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሳሁ። ይሄ ፕሮግራም ፊደላችንን አያውቅም። ስም ያለበት ቦታ ለሁለቱም ባዶ አሳየ።

«ስም የለም» አልኩ።

«መጠን?»

«መንታ ናቸው።»

ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አመነቱ። ሁለቱ ምስክሮች አልቀረቡም። ሦስተኛዋ ምስክር ደግሞ አታይም። ትዕግሥት ግን «እስቲ ስጡኝ» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ጣቷን ዲስኮቹ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ለስላሳ ነው። ይሄኛው ያጉረመርማል፣ የኔ ነው» አለች። ፕሮግራሙ ዲስኮቹን ዜሮና አንድ እያለ በቁጥር ይዘረዝራል፤ ያጉረመረመውን ነቅለን አየን፤ እውነትም ከዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ የተባለው ጠፋ፣ የሷ ነው። መልሰን ሰካነው። ዜሮ አዲሱ፣ አንድ የትዕግሥት። «ዜሮ ነው የሚነካው» አሉ እትዬ። ሁላችንም ሰማን።

መብራት ሄደ።

የካ ውስጥ መብራት ሲሄድ ማንም አይደነግጥም። ጎረቤታችን ጋሽ ሞገስ ገቡ። ሥጋ ቤት አላቸው፤ ሁዳዴ ስለነበር ተዘግቶ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው የሚውሉት። «ቢኒ ፎርማት፣ መብራቱንም ፎርማት አደረግከው?» አሉኝ። ተሳሳቅን። መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ከመጀመሪያው ተነሳ፣ ፕሮግራሙም ተከፈተ። ዜሮ አለ፣ አንድ አለ፤ እንደበፊቱ።

«ዜሮ» አሉ እትዬ።

«ዜሮ» አልኩ።

ተጫኑት። ቁልፉን የተጫኑት እትዬ ናቸው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ነው የሚፈጀው።

«እትዬ» አለች ትዕግሥት፣ «የኔ ነው የሚሠራው።»

«ዲስክ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጮኸው፣ አይዞሽ» አልኳት፤ አፌ መቼም አያርፍም።

«የኔ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

እጄን ሰደድኩ። አዲሱ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሏል። አሮጌው መዳፌ ሥር እንደ ጫጩት ይንቀጠቀጣል።

ለካ ቁጥር ስም አይደለም። ቁጥር የታክሲ ተራ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። መብራት ሲመለስ አሮጌው ቀድሞ ነቃና ዜሮን ያዘ። ምስክሮቹን የሰማነው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው፤ ከመጣ በኋላ እንደገና አልጠራናቸውም። ስም ታወረ፣ መጠን ታወረ። ዓይን የሌላት ግን አየች፤ ተናግራ ሳትጨርስ አለቀ።

እትዬ ውድነሽን ቀና ብዬ አየኋቸው። ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተው ቀርተዋል። እኔ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እነዚያ ጣቶች ዝም ብለው አላየሁም። ጋሽ ሞገስ እንኳን ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ጠፋ?» አለች ትዕግሥት።

«ታፔላው ነው የተነቀለው» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። «ቤቱ አልፈረሰም።»

«መዝሙሮቹስ?»

«ውስጥ ናቸው።»

«እንግዲያው ሂድና አንኳኳ።»

ማንኳኳት ይሄን ይመስላል። ፕሮግራሙ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር፣ ነጥብ በነጥብ ያነባል። ታፔላ ስለሌለ በር በር እየዞረ «ድምፅ ነህ? ጽሑፍ ነህ? ፎቶ ነህ?» ይላል። ድምፅ አጀማመሩ ይታወቃል፤ ሰው በሰላምታው አገሩ እንደሚታወቅ ማለት ነው። ግን ቀናት ይፈጃል። ዲስኩ ደግሞ በሽተኛ ነው፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋበት ዳግም ላይነሳ ይችላል። የሚያስፈልገን የማይጠፋ መብራት ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጄኔሬተር ያለው አንድ ሰው ነው፤ ለሥጋ ማቀዝቀዣው ብሎ የገዛ፣ በጾም ምክንያት ሥራ የፈታ።

«ጋሽ ሞገስ…» ስል ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተዋል።

«ሥጋ የለ። ዲስክ ስቀልበት» አሉ።

ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ አስቀመጥኩት። ከላዬ ባዶ መንጠቆ ተደርድሯል፣ ከኋላዬ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። በዚህ ዓለም ላይ ሥጋ ቤት ውስጥ መዝሙር የፈለገ ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ፤ አለሁ የሚል ካለ ይምጣ። ማራገቢያ ገዝቼ ዲስኩን አናፈስኩት። ሲሞቅ አቆመዋለሁ፣ ሲበርድለት አስቀጥላለሁ። እትዬ ውድነሽ ጠዋት ይመጣሉ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ይዘው ይቀመጣሉ። ምሳ ያመጣሉ። ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈዋል።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ስሙ ቁጥር ብቻ ነበር። ከፈትኩት። መጀመሪያ የሰው ትንፋሽ መጣ። ብቻውን፣ ባዶ ሥጋ ቤት ውስጥ። ከዚያ ዘፈነች፤ ይቅርታ፣ ዘመረች።  ሁላችንም በገዛ እጃችን ቀብረናት የነበረች ድምፅ ናት። ጋሽ ሞገስ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

«የነሱ መዝሙር ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጆሮም መጾም አለበት ይላሉ አባቶች» አሉ። ግን ገብተው ተቀመጡ። በማግሥቱም ቀድመውኝ ነበሩ።

ድምፆቹ እየወጡ ተከመሩ። ሁሉም ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ። ትዕግሥትን ጠራናት። ግንዱ አጠገብ ተቀመጠችና «አንድ በአንድ ክፈት፣ ስትከፍት ዝም በል» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ያየሁትን ብነግራችሁ ቢኒ አጋነነ ትላላችሁ። ጋሽ ሞገስን ጠይቁ። መዝሙሩ እስኪጀምር አትጠብቅም። ትንፋሹን ሰምታ ትናገራለች።

«ይሄ ዝናብ የዘነበ ቀን ነው፣ ቆርቆሮው ይሰማል፤ ‹አትዘግይ› በለው።» እኔ እጽፋለሁ።

«እዚህ ላይ ጉንፋን ይዞኛል፤ ‹ደጅህ ላይ› ነው።» እጽፋለሁ።

«ይሄ የማን ዶሮ ነው የሚጮኸው? አዎ፣ አክስቴ ቤት። ‹ማለዳ›።»

አንዱ ላይ እኔ ምንም አልሰማም፤ ዝምታ ነው። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ «እዚህ ጋ ሳቄን ይዤ ነው» አለች፤ ቀጥሎ መዝሙሩ እየሳቀ መጣ። እኔ ማሽን ነው የሚገርመኝ ስል ኖሬ ሰው እንደሚበልጥ ያን ቀን አወቅኩ። ማሽኑ አገኛቸው፣ ማን እንደሆኑ ግን አያውቅም። እሷ በትንፋሻቸው ለየቻቸው። እንደ እናት፣ በጨለማ ልጆቿን ዳብሳ እንደምትቆጥር።

ሁሉም ወጡ ልል ነበር። አንዲት ቀረች። ከፈትኳት፤ ትንፋሽ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ።

«ቀጥል።»

«የለም። እዚህ ታልቃለች።»

ፎርማት አዲስ ታፔላ ይተክላል፤ የሚተክለው ደግሞ ባዶ ቦታ መስሎት አንዱ ሰው ላይ ነው። እሷ ላይ ተከለ። እኔ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፤ የማላውቀውንም ሞከርኩ። አልሆነም። ቢኒ ፎርማት ያልቻለው ሥራ ይሄ ነው፤ ሌላ የለም።

ትዕግሥት ትንፋሹን ደጋግማ አስከፈተችኝ። «የትኛዋ እንደሆነች አውቃታለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቃሏን ግን ረስቼዋለሁ። የቀረጽኳት ልረሳት ብዬ ነው።»

ጣቴን መደምሰሻ ቁልፉ ላይ አደረግኩ። 

«ላጥፋት?»

«አይሆንም። ስም ስጣት።»

«ማን?»

«እስትንፋስ።»

ጻፍኩ። እትዬ ውድነሽ ከጥጉ ተነሱና ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ውድነሽ ቁልፍ ተጭነው አያውቁም። ያስተምራሉ፣ ስም ያወጣሉ፣ ደንበኛውን ስለ ኑሮው ይጠይቃሉ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ቢኒ፣ አንተ ተጫን» ይሉኛል። የጠረጴዛው ጠርዝም ዝም እንዳለ ቀረ። ደንበኛ «እንደምን ዋሉ» ሲል የሚሰማው የሱ ድምፅ ብቻ ሆነ። እኔ በበኩሌ ሁለት ሕግ አወጣሁ፤ በየካ የጥገና ታሪክ ውስጥ ቢጻፍልኝ አልጠላም። አንደኛ፣ የሚወደድ ዲስክ ተነቅሎ ባለቤቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ጭን ላይ ያለ ዲስክ ተሳስቶ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከመጫኔ በፊት ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ ዝም ይላል፣ ዲስኩ ላይ ጣት ይደረጋል፤ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ በጆሮና በጣት ይመሰከራል። ደንበኞች መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በኋላ ጸሎት የምናደርግ እየመሰላቸው ኮፍያ ያወልቁ ጀመር።

እና አዲሶቹ ዲስኮች መጡ። ቀጭን፣ እንደ ብስኩት። አይሽከረከሩም፣ አይንቀጠቀጡም፣ አይጮኹም። ፈጣን ናቸው፣ አልዋሽም። ግን ጣትህን ብታሳርፍ ምንም የለም። ከነሱ አንዳንዱ ደግሞ አንዴ ከጠፋበት በኋላ ብታንኳኳም የሚከፍትልህ የለም፤ ቤቱንም ሰዎቹንም ይዞ ይሄዳል። ደንበኛም ሳሳ፤ ሰው ፎቶውን ስልኩ ላይ ማኖር ጀመረ። ሕንጻውም ለመንገድ ሊፈርስ ነው ተባለ። እትዬ ውድነሽ ዳንቴሉን አጥበው አጠፉት።

ልንዘጋ ስንል ትዕግሥት በትሯን እየነካካች መጣች። ታናሽን ይዛለች፤ ያኔ የተረፉት መዝሙሮች የሚኖሩት እሱ ላይ ነበር። ታናሽም አርጅቷል። መዘምራኑ ከብስኩቶቹ አንዱን ገዝተውላታል። ሰካሁት። ጣቷን አሳረፈችበት፣ ጠበቀች።

«ሞቷል እንዴ?»

«አፈጣጠሩ ነው። አይናገርም።»

«ታዲያ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?»

«በኔ።»

«አንተን ማን ያምናል?» አሉ ጋሽ ሞገስ ከበሩ ላይ፤ ሊሰናበቱን መጥተው ነበር።

«አፉን አምነዋለሁ» አለች ትዕግሥት። «ዝም ብሎ አያውቅም። አንተ ተናገርለት ቢኒ፤ ዝም ካልክ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ አውቃለሁ።»

እኔ ደግሞ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት። ታናሽን ነቅዬ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። እንደ ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ጀመርኩ፤ «ክቡራትና ክቡራን፣ ሞኒተሩ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ ይታያል። ስሙ ተጽፏል፣ በአማርኛ፣ ይነበባል። መጠኑ ልክ ነው፣ ጋሽ ሞገስ በሚዛን ካላሉ በስተቀር። አሁን ሳሎኑን ለየሁ። አሁን ጓዳውን፤ ጓዳው ሰፊ ነው፣ ገና ብዙ መዝሙር ይገባበታል። አሁን አንድ ቁልፍ ብቻ ቀረ።»

«ማን ነው የሚጫነው?» አለች ትዕግሥት።

«እኔ፣ እንደ ሁልጊዜው።»

«እትዬ ውድነሽ ይጫኑት።»

«ተይኝ ልጄ» አሉ እትዬ። «እኔ ትቻለሁ።»

ትዕግሥት ታናሽን በአንድ እጇ ጭኗ ላይ እንደያዘች ሌላውን እጇን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰደደች። ዳበሰች፣ ዳበሰች፣ የእትዬን ጣቶች አገኘቻቸው። «ድሮ እዚህ ሱቅ መድረሴን የማውቀው በነዚህ ነበር» አለች። «ከመንገድ ላይ ሲጽፉ እሰማቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ ሁሌ በሩን አልፌ እሄዳለሁ።»

እጃቸውን ይዛ ወደ ኪቦርዱ ወሰደችው። እትዬ ውድነሽ ወደኔ አዩ። እኔ ወደ ሞኒተሩ አየሁ፤ ስም፣ መጠን፣ ባለቤት፣ ሦስቱም አሉ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ተጫኑት።

እኔም ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ቢኒ» አለች ትዕግሥት። ጭኗ ላይ ያለውን ዲስክ ጨበጠችው። «ምነው ዝም አልክ? ተበላሸ?»

 ጋሽ ሞገስም ወደ መንገዱ ዞረዋል። ከዚያ ከጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ መጣ፤ ጠ። ጠ-ጠ። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ። ትዕግሥት የጠየቀችኝን ጥያቄ እትዬ እየጻፉት ነበር።

ትዕግሥት ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ከዚያ እጇን ከዲስኩ ላይ አላላች።

«ሠርቷል» አለች።

ቢኒ ፎርማት ያን ቀን ዝም አለ። የሚያውቁኝ አያምኑም። ሦስት ምስክር አለኝ።